«አሳዳጊ የለውም»፣ «አብሾ ጠጥቶ ነው»፦ ስለ ቆሎ ተማሪ የሚባለው እና እውነታው

ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ቁጭ ብዬ የመሐል ሜዳ መኪና እጠብቃለሁ። የበግ ቆዳ ደበሎ የለበሰ፣ የቁራሽ መያዣ አኮፋዳ ያንጠለጠለ፣ ዕድሜው ቢበዛ አሥራ ሦስት የሚሆን ልጅ በፊታችን አለፈ። አጠገቤ ያለ ወጣት ከስልኩ ቀና ብሎ «ምስኪን፣ አሳዳጊ የለውም» አለ። ከወዲያ በኩል የተቀመጡ እናት ደግሞ «ኧረ ተወው ልጄ፣ እነሱ አብሾ የጠጡ ናቸው» ብለው አማተቡ፤ አብሾ ትምህርት ያስይዛል የሚባል መጠጥ ነው። በአንድ ደቂቃ ሁለት ስህተት።

እኔም በልጅነቴ መንዝ ውስጥ የቆሎ ተማሪ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን የአብነት ትምህርት ቤት ተማሪ ነበርኩ። ዳዊት ደገምኩ፣ ቅኔ ቤት ገባሁ፣ መወድስ የሚባለው ረጅም ቅኔ ላይ ሳልደርስ ወጣሁ። ስለዚህ ሊቅ ሆኜ አይደለም የምጽፈው። ውሻ የነከሰው ሰው ሆኜ ነው።

«ለማኞች ናቸው»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አብነት ትምህርት ቤት ክፍያ የለም። የምግብ አዳራሽ የለም። የኔታም ከተማሪ ደመወዝ አይቀበሉም። ታዲያ ያ ሁሉ ተማሪ ምን ይበላል? መንደሩ ያበላዋል። ልጁ በየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ ስለ ማርያም ስሟ ማለት ነው።

የመጀመሪያ ቀኔን አልረሳውም። ጤዛው ገና አልረገፈም፤ የመንዝ ጠዋት ደግሞ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ደጅ ላይ ቆሜ ድምፄ አልወጣ አለኝ። አብሮኝ የወጣው ትልቁ ልጅ በክርኑ ጎሰም አደረገኝ። እንደምንም አልኩት። ሴትዮዋ ብቅ ብለው «ማርያም እንዲህ በሹክሹክታ ትጠራለች እንዴ ልጄ?» አሉኝ። ደግሜ ጮህኩ። ከገብስ ቂጣው ግማሹን ቆርሰው ሰጡኝና «ልጄ ታሞብኛል፣ ዳዊት ድገምለት» አሉ። የልጁን ስም ይዤ ሄድኩ። ማታ ስደግም ስሙን ጠራሁት። እሳቸውም እኔም ልመና አላልነውም።

(ለማያውቅ ሰው፦ ደጅ ላይ «እግዜር ይስጥህ» ከተባልክ ምርቃት እንዳይመስልህ። የለኝም፣ እለፍ ማለት ነው።)

አኮፋዳ መያዝ የሀብታም ልጅ የድሃ ልጅ አይልም። ሁሉም ይወጣል። ኩራት የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው። የመጣው ቁራሽ ደግሞ የግል አይደለም። እኛ ጎጆ አንድ ላይ ይዘረገፍ ነበር። ታሞ የተኛው ይበላል፤ ለየኔታ ውሃ ሲቀዳ የዋለው ይበላል። የተረፈው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ይሆናል። ከምንጃር የመጣ ጓደኛ ነበረን፤ የአገሩን ጤፍ እያነሳ በገብስ ቂጣው ሲነጫነጭ ከረመ። ማንም አላዘነለትም።

«አብሾ ጠጥተው ነው የሚይዙት»

ይሄን የሚያምኑ የተማሩ ሰዎች አጋጥመውኛል። አብሾ የሚባለው መጠጥ ብዙ ጊዜ ከአስተናግር ይዘጋጃል ነው የሚባለው። አስተናግር መርዝ ነው። አትሮፒን እና ስኮፖላሚን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉበት። አፍ ያደርቃል፣ ልብ ያስመታል፣ ያስቃዣል፣ ሲበዛ ይገድላል። የሚገርመው፣ ስኮፖላሚን የማስታወስ ችሎታን የሚያዳክም ነገር ነው፤ ተመራማሪዎች በሙከራ ላይ ሆን ብለው መርሳትን ለማምጣት ይጠቀሙበታል። ለትምህርት ብሎ እሱን መጠጣት እሳትን በጋዝ ማጥፋት ነው።

የሚሞክር የለም አልልም። እኔ የማውቀው አንድ ልጅ ሞክሯል። ሦስት ቀን ግድግዳ ሲያናግር ሰንብቶ ወደ አገሩ ወሰዱት።

ታዲያ እንዴት ይያዛል? ማታ ጎጇችን ውስጥ ኩራዝ አልነበረም። ጨለማ ውስጥ ተጋድመን የቀኑን ትምህርት በቃል እንለዋለን። አንዱ ሲስት ከወዲያኛው ጥግ ሌላው ያርመዋል። እንቅልፍ አፋችን ላይ እስኪይዘን እንዲያ ነው። ታላቁ ታናሹን ያስጠናል፤ ሲያስጠና የራሱን ይከልሳል። ጠዋት የኔታ ፊት ስትቀርብ ደግሞ መንተባተብህ ለጉባኤው ሁሉ ይሰማል። ከዚህ የበለጠ የትምህርት መክፈቻ የለም።

«ሽምደዳ ብቻ ነው»

ንባብ ቤትና ዜማ ቤት ላይ በቃል መያዝ ይበዛል፤ እሱን አልክድም። ቅኔ ቤት ግን ሌላ ዓለም ነው። ተማሪው በየቀኑ አዲስ ቅኔ በግዕዝ መፍጠር አለበት። ሲጀምር ጉባኤ ቃና ነው፣ 2 ቤት (ስንኝ)። እየቆየ መወድስ ይደርሳል፣ 8 ቤት። የትናንቱን ዛሬ ይዘህ ብትመጣ መሳቂያ ትሆናለህ። የሌላ ሰው ብትሰርቅም ይታወቅብሃል።

እኔ አንድ ቀን ጥድ ሥር ቅኔ ስቆጥር፣ ማለትም ስፈጥር ውዬ፣ ቤቱ ልክ ገጥሞልኝ በደስታ እየበረርኩ መጣሁ። የኔታ አዳመጡና «ቤቱስ ሞልቷል። ምሥጢሩ የታለ?» አሉኝ። ወደ ጥዱ ተመለስኩ።

«ሕግ የላቸውም፣ እንደፈለጉ ይኖራሉ»

ከኮሌጅ ዶርም ጋር ላወዳድረው ብል ዶርሙ ሽርሽር ይሆናል። እንጨት ለቀማው ተራ አለው፤ ውሃውም ተራ አለው። ሳያስፈቅዱ ማደር የለም። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው። የተጣላ ሳይታረቅ ጉባኤ አይቀመጥም። በጽጌ ወቅት፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5፣ ቅዳሜ ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት ይቆማል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መንዝ ውስጥ ደግሞ ከዚያም ከፍ የሚል ቦታ አለ። የጥቅምትን ሌሊት ባዶ እግር መቆም ምን እንደሆነ እግሬን ጠይቁት።

አርጩሜስ? ነበር። እኔ ከቅኔ ቤት በፊት የተማርኩበት ቤት አብዝተው ይገርፉ ነበር። አንድ ልጅ በፍርሃት ሌሊት ጠፍቶ ሄዷል። «ድሮ እንዲህ ነው» ብዬ ልሸፍነው አልፈልግም፤ ጥፋት ነው። ግን ሁሉም የኔታ ጨካኝ ናቸው ማለት ደግሞ ውሸት ነው። የቅኔ መምህሬ በሁለት ዓመት እጃቸውን አንስተውብኝ አያውቁም።

«ከዓለም የሸሹ ናቸው»

ዓለም ራሷ እነሱ ጋ የመጣችበት ጊዜ አለ። በግንቦት 1929 በግራዚያኒ ትዕዛዝ የኢጣልያ ጦር ደብረ ሊባኖስ ገዳም ገብቶ መነኮሳቱን ፈጀ። ወጣት ዲያቆናቱ ለጊዜው ተለይተው ወደ ደብረ ብርሃን ተወሰዱ። ከቀናት በኋላ እነሱም ተረሸኑ። ግራዚያኒ ራሱ ባስተላለፈው ሪፖርት 129 ናቸው። ያ መናኸሪያ ላይ ያየሁት ልጅ በዚያ ዘመን ቢሆን ኖሮ ከነሱ አንዱ ይሆን ነበር።

«ሸዋ ትምህርት የለም፣ ጎጃም ነው ያለው»

ለቅኔ ጎጃም መሻገር የቆየ ልማድ ነው፤ ጎጃሞች ይኮሩበት፣ ይገባቸዋል። ነገር ግን ሊቃውንት የዜማ ስልቶችን ሲቆጥሩ ቤተልሔም፣ ቆማ፣ አጫብር ብለው ተጉለት ይላሉ። ተጉለት የት እንዳለ ለማታውቁ፣ ከደብረ ብርሃን ብዙም አትርቅም።

«ሴት አትማርም»

በቁጥር ጥቂት ናቸው፤ የለም ማለት ግን አይቻልም። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ጎጃም ውስጥ ወንበር ዘርግተው ወንዶችን ቅኔ አስተምረዋል። ያውም ዓይነ ስውር ሆነው።

«ከቅስና ሌላ የትም አያደርስም»

ቤታችሁ ያለውን ትልቁን የአማርኛ መዝገበ ቃላት ግለጡት። 1962 የታተመው ከሆነ የደስታ ተክለ ወልድ ነው፤ የአብነት ትምህርት ፍሬ። የመምህራቸውን የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ጨርሰው በ1948 ያሳተሙትም እሳቸው ናቸው። መምህሩ የጀመሩትን ተማሪው ይጨርሳል፤ ቅኔ ቤት ያደገ ሰው ይሄን ከማንም በላይ ያውቀዋል። የኔ ጓደኞች ደግሞ አንዱ ሒሳብ ያስተምራል፣ አንዱ ሹፌር ነው፣ ያ ምንጃሬው ጤፍ ይነግዳል።

ወደ መናኸሪያው ልመለስ። ልጁ ዞሮ መጣና እኛ ጋ ቆመ። «ምን ላይ ደረስክ?» አልኩት፤ ተማሪ የሚጠየቀው እንዲህ ነው። «ጾመ ድጓ ላይ ነኝ» አለ፤ የዐቢይ ጾም የዜማ መጽሐፍ ነው። ወጣቱ ከቦርሳው ዳቦ አውጥቶ ሰጠውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አሳዳጊ አለህ?» ብሎ ጠየቀው።

«አለኝ። አባቴ ሁለት ጥማድ በሬ አለው» አለ ልጁ፣ ትንሽ የተቆጣ ይመስላል። ዳቦውን አኮፋዳው ውስጥ ከተተና «ያለሁበትን ግን እንዳትነግሩት» ብሎን ሄደ።