ካታሊቲክ ኮንቨርተር ምንድን ነው? መዳከሙስ በምን ይታወቃል?

ካታሊቲክ ኮንቨርተር ከሞተር እስከ ማርሚታ በሚዘረጋው የጭስ ቧንቧ ላይ የሚገጠም፣ መርዛማ ጋዞችን በኬሚካላዊ ለውጥ ጉዳታቸው ወደ ቀነሰ ጋዞች የሚቀይር የመኪና ክፍል ነው። ከብረት ሽፋኑ ውስጥ እንደ ማር እንጀራ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ሴራሚክ አለ፤ የቀዳዳዎቹ ግድግዳም እንደ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ባሉ ውድ ማዕድናት በስሱ የተቀባ ነው። ጭሱ በዚህ ሲያልፍ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ያልተቃጠለው ነዳጅ ወደ ውኃ ትነትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ የናይትሮጅን ኦክሳይዶቹ ደግሞ ወደ ተራ ናይትሮጅን ይለወጣሉ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ዕቃው ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ከሞቀ በኋላ ነው።

የዚህ ዕቃ ብልሽት ሁለት መልክ አለው፤ ምልክቶቻቸውም ስለሚለያዩ ለይቶ ማየት ይገባል።

አንደኛው መደፈን ነው። ሴራሚኩ ከመጠን በላይ በሆነ ሙቀት ሲቀልጥ ወይም ተሰባብሮ ሲጠራቀም ጭሱ መውጫ ያጣል፤ ሞተሩም አዲስ አየር እንደልቡ መሳብ አይችልም። እንዲህ ያለው መኪና በሜዳ ላይ ደህና የሚሄድ መስሎ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን ዳገት ሲጀምር ነዳጅ ቢረገጥም ጉልበት አይጨምርም፤ ሲብስበት ተነሥቶ ወዲያው ይጠፋል። ለማረጋገጥ መካኒኩ ከኮንቨርተሩ በፊት ያለውን የኦክስጅን ሴንሰር (በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካውን ዕቃ) ፈትቶ በቀዳዳው የግፊት መለኪያ ይገጥማል፤ ሞተሩ በደቂቃ 2,500 ዙር ሲሠራ ግፊቱ 3 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) እና ከዚያ በላይ ከሆነ መንገዱ መዘጋቱን መጠርጠር ተገቢ ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ሽፋኑን በላስቲክ መዶሻ ቀስ ብሎ ሲመቱት ከውስጥ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ከተሰማ፣ ሴራሚኩ ተሰብሯል ማለት ነው።

ሁለተኛው የቅቡ፣ ማለትም በሴራሚኩ ላይ በስሱ የተቀባው ማዕድን፣ መዳከም ነው። በዚህ ጊዜ መኪናው ጉልበት ላይቀንስ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ የሚታየው የቼክ ኢንጂን መብራት ብቻ ነው፣ በመመርመሪያ ሲነበብም ኮንቨርተሩ በሚገባ እየሠራ አለመሆኑን የሚጠቁመው ፒ 0420 (P0420) የሚለው ኮድ ይወጣል። ኮዱን የሚያስመዘግበው ከኮንቨርተሩ ኋላ ያለው ሴንሰር ነው፤ ዕቃው ጤነኛ ሲሆን የዚህ ሴንሰር ንባብ ረጋ ያለ ነው፣ ሲዳከም ግን ከኮንቨርተሩ በፊት እንዳለው ሴንሰር ከፍ ዝቅ ማለት ይጀምራል። ሆኖም ኮዱ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም፤ የጭስ ቧንቧው ላይ ያለ ቀዳዳ ወይም የሴንሰሩ የራሱ ችግር ያንኑ ኮድ ሊያመጣ ይችላልና፣ ውድ ዕቃ ከመግዛት በፊት እነዚህን መመርመር ግዴታ ነው። የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል ሽታም በነዳጁ ካለው ድኝ ሊመጣ ስለሚችል ለብቻው ማስረጃ አይሆንም።

ከሁሉ በላይ ሊታወቅ የሚገባው ኮንቨርተር በራሱ የሚሞተው ከስንት አንዴ መሆኑ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው ሞተሩ ነው። ካንዴላ ወይም ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ኮይል ሲደክም ሳይቃጠል የወጣው ቤንዚን ኮንቨርተሩ ውስጥ ይነድና ሴራሚኩን ያቀልጠዋል። የቼክ ኢንጂን መብራት በቋሚነት ከመብራት አልፎ ብልጭ ድርግም ሲል የሚያስጠነቅቀው ይህንኑ አደጋ ነው፤ በዚያ ሰዓት ነዳጅ ቀንሶ መኪናውን በሰላም ማቆም ይገባል። ሰማያዊ ጭስ የሚያሳይ ዘይት የሚበላ ሞተር፣ እንዲሁም የቴስታታ ጓርኒሲዮኑ (በሞተሩ ራስና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ተበልቶ የራዲያተር ፈሳሽ ወደ ጭሱ የሚያሳልፍ ሞተር፣ ቅቡን ቀስ በቀስ ይሸፍኑታል። መንስኤው ሳይጠገን አዲስ ኮንቨርተር ከተገጠመ እሱም ብዙ ሳይቆይ ይበላሻል።

አንዳንድ ጋራዦች ሴራሚኩን ሰብረው አውጥተው ባዶውን ሽፋን መልሰው ይገጥማሉ። መኪናው በእርግጥ ይቀልለዋል፤ ነገር ግን ያ ሁሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ ልጆች በሚጫወቱበት ግቢና በተጨናነቀ መንገድ ሳይለወጥ ስለሚለቀቅ፣ ይህን እንደ ጥገና መቁጠር ፈጽሞ ስሕተት ነው።

በአሜሪካ ለሚኖሩ አንባቢዎች ሁለት ነገር ልጨምር። በፌዴራል ሕግ መሠረት የኮንቨርተር ዋስትና 8 ዓመት ወይም 80,000 ማይል ስለሆነ፣ ኮዱ ከዚያ በፊት ከታየ ከኪስ ከመክፈል በፊት የመኪናውን አምራች ወኪል መጠየቅ ያስፈልጋል። ማታ ደህና የነበረ መኪና፣ በተለይ ቶዮታ ፕሪየስ፣ ጠዋት ሲነሣ በኃይል የሚያገሳ ከሆነ ግን ብልሽት ላይሆን ይችላል፤ ኮንቨርተሩ ሌሊት ተቆርጦ መሰረቁን ጎንበስ ብሎ ከሥር በማየት ማረጋገጥ ይቻላል።