«ካናም ተሽጦም ቢሆን ኦናም ይበላል»፦ የኬረላዎች አባባል እና የተረሳው ትርጓሜው

ሰሞኑን እዚሁ ሻርጃ አብሮኝ የሚሠራ የሀገሬ ልጅ የልጁን አንደኛ ዓመት ልደት ሊደግስ ክሬዲት ካርዱን አሟጦ፣ ያ አልበቃ ሲለው ደግሞ ከሰው ተበድሮ፣ «ኧረ ተው ይሄ ሁሉ ወጪ ለማን ነው» ብለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ «ኬረላዎቹ ራሳቸው ያለህን ሸጠህም ቢሆን ኦናምን ብላ ይሉ የለ እንዴ!» ኬረላዎች የደቡብ ህንዷ የኬረላ ግዛት ሰዎች ናቸው፣ ኦናም ደግሞ ትልቁ በዓላቸው። አባባሏን ከየት እንዳመጣት ወዲያው ገባኝ። ሰፈራችን ያለው ሱፐርማርኬት በየዓመቱ ኦናም ሲደርስ አባባሏን በትልቁ ጽፎ በሩ ላይ ይለጥፋታል፣ ከሥሯ የወርቅ አምባርና ግድግዳ የሚያክል ቲቪ፣ ከጎኑ ደግሞ በወር ስንት ስንት እንደሚከፈል። ልጁ አይፈረድበትም፣ ያየውን ነው የተናገረው። እኔ ግን ያቺን አባባል የሰማኋት ከሌላ አፍ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

በኬረላዎቹ ቋንቋ በማላያላም «ካናም ቪቱም ኦናም ኡንናናም» ነው የምትባለው። ቃል በቃሉን ርዕሱ ላይ ስላስቀመጥኩት አልመለስበትም፣ «ካናም»ን ዛሬ ንብረት ብለው ይፈቱታል፣ ኋላ እመጣበታለሁ፣ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው መጨረሻዋ ላይ ያለውን ግስ ነው። የማላያላም ግስ እንደኛ በላሁ፣ በላህ፣ በላች እየተባለ አይለዋወጥም፣ ስለዚህ «ኡንናናም» ሲሉ የሩዙ ማዕድ መበላት አለበት ማለት ነው እንጂ ማን ይብላው አይልም። ሰው ሁሉ «ብላ» እያለ ይተረጉማታል፣ «ብላ» ግን ውስጧ የለም። «ልብላ»ም የለም። «እኔ» የምትል ነገር ያልገባባት አባባል ናት፣ እና እንደኔ እንደኔ ምሥጢሯ ያለው እዚያው ላይ ነው።

ከዓመታት በፊት መጋዘን ውስጥ አብሮኝ የሚሠራ የፓላካድ ልጅ ለኦናም ሀገሩ ሲገባ ይዞኝ ሄዶ ነበር። ፓላካድ የኬረላ የሩዝ ጎተራ የሚሏት ናት። ኦናም ቺንጋም በሚሉት ወር ነው የሚውለው፣ በኛ ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ መሆኑ ነው፣ ከሱ በፊት ያለው ወር ደግሞ ካርኪዳካም ይባላል፣ ዝናቡ ሌት ተቀን የሚወርድበት፣ የቀን ሥራ የሚጠፋበት፣ የቤቱ ሩዝ ወደ ታች የሚልበት፣ ራሳቸው የረሃብ ካርኪዳካም የሚሉት ወር። ማታ ማታ ኩራዝ አብርተው ራማያና የሚሉትን የሂንዱ ጥንታዊ የጀግና ታሪክ እያነበቡ ይገፉታል። ሐምሌን ገጠር ያሳለፈ ሰው ይሄ አይነገረውም፣ ያውቀዋል። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ሰማዩ ይገለጥና ቺንጋም ይገባል።

ኦናም የሚጀምረው በአበባ ነው። አታም ከሚሉት ቀን ጀምሮ 10 ቀን በየማለዳው ልጆች ትንንሽ ቅርጫት ይዘው ወደ ማሳው ዳር ይወርዱና ይለቅማሉ፣ ቱምባ የምትባል ደቃቅ ነጭ አበባ አለች፣ ሙኩቲ የምትባል ቢጫ አለች፣ ማንም ያልዘራቸው፣ የማንም ያልሆኑ፣ በድንበሩ ላይ የሚበቅሉ። ግቢው በእበት ተለቅልቆ ይጠብቃል፣ አዎ ልክ እንደኛው ልቅለቃ፣ ሽታው ራሱ ያው ነው፣ እና እዚያ ላይ አበባውን በክብ ይደረድሩታል፣ መጀመሪያ ቀን ትንሽ ክብ፣ በነጋታው ትንሽ ሰፋ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ዋናው ቀን ላይ ግቢውን ይሞላዋል። እኔ በልጅነቴ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ከእህቶቼ ጋር አደይ ልንቀጥፍ ወንዝ ዳር የወረድኩ ሰው ነኝ፣ ጤዛው እግሬን እያራሰኝ፣ ታላቅ እህቴ «ከሥሩ አትንቀለው» እያለች። ፓላካድ ላይ እነዚያን ልጆች ከነቅርጫታቸው ሳያቸው ጉሮሮዬ ያዘኝ።

ለማን ነው ይሄ ሁሉ አበባ አልኳት የጓደኛዬን እናት። አማ ነው የምላት፣ እናት ማለት ነው፣ እሷም እኔን «ሞኔ» ትለኛለች፣ ልጄ እንደማለት። «ንጉሡ ሊመጣ ነዋ» አለችኝ።

ንጉሡ ማሃባሊ ነው፣ ባሊም ይሉታል። ወገኑ ከአሱራዎቹ፣ የአማልክቱ ባላንጣ ከሚባሉት ነው፣ የንጉሣቸው የፕራህላዳ የልጅ ልጅ። ሦስቱን ዓለም አሸንፎ ሲገዛ ኬረላዎች እንደሚሉት በሱ ዘመን ሰው ሁሉ እኩል ነበር፣ ሌባ አልነበረም፣ በሚዛን የሚያጭበረብርም አልነበረም። አንድ ቀን ትልቅ መሥዋዕት ላይ ቆሞ የመጣውን ሁሉ እየሰጠ ሳለ አንድ ድንክዬ የብራህሚን፣ የካህናቱ ወገን፣ ልጅ ጃንጥላውን ይዞ መጣ። ቫማና ነው፣ አምላኩ ቪሽኑ ራሱ በዚያ መልክ ተወልዶ። ምን ልስጥህ ሲለው «በእግሬ ሦስት እርምጃ መሬት» አለው። ባሊ ይሄኔ ነው የሳቀው። የኔን ደጅ የረገጠ ሰው እንዴት ይሄን ታህል ይለምናል፣ ከፈለግህ ደሴት እሰጥሃለሁ አለው። ልጁም ሦስት እርምጃ ያልበቃው ሰው ደሴትም አይበቃውም ብሎ መለሰለት።

ብዙ ሰው ይሄን ታሪክ ሲያወራ ቶሎ ወደ ተአምሩ ይሮጣል፣ እኔን ግን ሁሌ የሚይዘኝ ያ ሳቅ ነው። ባሊ ስስታም አልነበረም፣ ዋሾም አልነበረም፣ ትዕቢቱ የተደበቀው ደግነቱ ውስጥ ነው፣ «እኔ እኮ ሰጪ ነኝ» የምትለዋ ነገር ውስጥ። የስስታም ትዕቢት በሩቁ ይታያል፣ የሰጪ ትዕቢት ግን ምርቃት እየበላ ነው የሚያድገው፣ ለዚህ ነው ከባዱ።

መምህሩ ሹክራቻርያ ነገሩን ነቅቶበት ነበር፣ አትስጠው ይሄ ቪሽኑ ነው ብሎ ለመነው። በነሱ ሥርዓት ስጦታ የሚጸናው ውሃ እጅ ላይ ሲፈስ ነው፣ እና መምህሩ ንብ ሆኖ የማሰሮዋን ጠባብ መውረጃ ደፈነው ይላሉ፣ ልጁ ደግሞ በሣር ሰንጥር ወጋ አደረገው፣ የመምህሩ አንድ ዓይን ጠፋ፣ ውሃውም ወረደ። ከዚያ ያ ድንክዬ አደገ፣ አደገ፣ በአንድ እርምጃ ምድርን፣ በሁለተኛው ሰማይን ረገጠና «ሦስተኛውን የት ላሳርፈው?» አለ። ባሊ ጎንበስ ብሎ ራሱን ሰጠው። በሁለቱ እርምጃ ያለው ሁሉ ተወስዶበት የቀረው ሰጪው ብቻ ነበር፣ ሰጪውን ሰጠ። ብሃጋቫታ ፑራና በሚሉት የሂንዱ መጽሐፍ ላይ ሚስቱ ቪንድያቫሊ ቪሽኑን የምትለው ነገር አለ፣ ዓለሙን የሠራኸው አንተ፣ የኔ ነው እያለ የሚከራከረው ያላወቀ ሰው ነው ትለዋለች። ባሊ ወደ ታችኛው ዓለም፣ ወደ ሱታላ ወረደ፣ ቪሽኑም በሩን ሊጠብቅለት ቃል ገባ፣ በዓመት አንድ ቀን ወጥቶ ሕዝቡን እንዲያይም ተፈቀደለት። ያቺ ቀን ናት ኦናም። ንጉሡ የሚመጣው ሊደገስለት አይደለም፣ ሕዝቤ እንደተውኩት እኩል ነው ወይ ብሎ ሊያይ ነው።

አሁን ወደ «ካናም» ልምጣ፣ እዚህ ላይ የራሴ ግምት አለኝ፣ ለብዙ ኬረላዎች ተናግሬው ግማሾቹ ተቀብለውኛል ግማሾቹ ተከራክረውኛል። ዛሬ ሁሉም «ንብረት» ብለው ነው የሚፈቱት፣ የድሮ ወርቅ ነው የሚሉም አሉ። በድሮው የኬረላ የመሬት ሥርዓት ግን ካናም የታወቀ ነገር ነበር፣ የመሬቱ ባለቤት ጀንሚ ይባላል፣ ሌላው ሰው ለጀንሚው ገንዘብ ይሰጥና መሬቱን ይይዛል፣ የገንዘቡ ወለድ ከግብሩ ላይ ይታሰብለታል፣ ብዙ ጊዜ ለ12 ዓመት። ይቺማ የኛዋ ወለድ አገድ ናት ማለት ይቻላል! ኦናም ሲደርስ ያዢው የሙዝ እሸቱንና አትክልቱን ተሸክሞ ጀንሚው ቤት ይሄዳል፣ ጀንሚው ደግሞ አዲስ ልብስ ይሰጠዋል። እና ካናም ያንተ የሆነ ነገር አይደለም፣ የያዝከው ነገር ነው። ባለቤቱ ሌላ ነው። አባባሏ የተወለደችው ከያዢዎቹ አፍ ነው ባይ ነኝ፣ ባሊ ሦስቱን ዓለም እንደተያዘ መሬት እንደለቀቀው፣ አንተም የያዝከውን ልቀቅና ማዕዱ ይበላ ለማለት። በ1970 እ.ኤ.አ ጃንዋሪ 1 የመሬት ሕጉ ጀንሚነትንም ካናምንም ስላስቀረው ከዚያ ወዲህ የተወለደው ልጅ ካናም ምን እንደነበር አያውቅም፣ ቃሉ ባዶውን ቀረ፣ ባዶ ቃል ደግሞ ነጋዴ ይሞላዋል።

ማዕዱ የማን እንደነበር የምትነግረን ሌላ አባባል ደግሞ አለች፣ «ኦናም መጣም ልጅ ተወለደም፣ ኮራን አጥሚቱን በቅጠል ነው የሚጠጣው» የምትል። ኮራን የሰው ማሳ ላይ የሚውል ምስኪን ነው፣ በዓል መጣ አልመጣ ለሱ ያው የሩዝ አጥሚት፣ ያው የታጠፈች ቅጠል። የሁለቱ አባባሎች ዓይን ለዓይን መተያየት ነው የሚገርመኝ፣ አንዷ የኮራንን ቅጠል አሳየችን፣ ሌላዋ ያዘጋጀችው ማዕድ ለዚያ ቅጠል ነው።

የዋናው ቀን አማ የሙዝ ቅጠል ፊቴ ዘርግታ ልታቀርብልኝ ስትል እኔ ጠጋ ላደርገው ብዬ አዞርኩት፣ እሷ ሳትናገር በሁለት እጇ መልሳ ጫፉን ወደ ግራዬ አዞረችውና ጨው፣ የሙዝ ጥብስ፣ አቻር የሚሉት በቅመም የታሸ ኮምጣጣ እያለች ከላይ ከግራው ደረደረች፣ ከዚያ ሩዙ መጣ። በረንዳው ላይ ሩዝ የሚተክሉላት ሴቶች ከነልጆቻቸው ተደርድረዋል፣ እኩል ቅጠል፣ እኩል ወጥ። መጨረሻ ላይ ፓያሳም የሚሉት ጣፋጭ ሲመጣ በአልሙኒየም ድስት ሆኖ አየሁና ጓደኛዬን ጠየቅኩት፣ ሌላው የቤቱ ዕቃ ነሐስ ነበርና። አባቱ በሞተ ዓመት ነው አለኝ። ፓያሳም የሚሠራበት ኡሩሊ የሚባል አፈ ሰፊ ትልቅ የነሐስ ድስት ነበራቸው፣ ከአማ እናት የመጣ፣ ያኔ እጃቸው ላይ ምንም ስላልነበረ ሸጠችው። ኩሽናው ወለል ላይ ድስቱ ይቀመጥበት የነበረው ክብ ምልክት አሁንም አለ፣ አሳየኝ።

አማን እራሷን ጠየቅኳት፣ ሐዘን ላይ ሆነሽ ቢቀር ማን ይፈርድብሽ ነበር ብዬ። «እኛማ ኡላቱ ኮንዱ ኦናም ፖሌ እንል ነበር» አለችኝ፣ ባለችን ነገር እንደ ኦናም እንዋል ማለት ነው፣ ይቺም የታወቀች አባባል ናት። «እነሱ ግን» አለች ወደ በረንዳው እያሳየችኝ፣ «እነሱ ቅጠላቸው ካልተዘረጋ ንጉሡ መጥቶ ምን ያያል? 23 ቅጠል ቆረጥኩ፣ ካናም ቪቱም ኦናም ኡንናናም»። ያኔ ነው ሁለቱ አባባሎች ቦታ ቦታቸውን የያዙልኝ። ባለችን እንዋል የምትለዋ ለራስ ናት፣ ካናም ይሸጥ የምትለዋ ለሌላው ናት። ያገላበጥናቸው እኛ ነን።

በ2018 እ.ኤ.አ ኬረላን ጎርፍ ሲያጥለቀልቃት ኦናም ቀናት ነበር የቀረው፣ መንግሥት የበዓሉን ዝግጅት ሰርዞ ገንዘቡን ለተጎጂዎች አዞረው። ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን በመኪና ጭነው ወደ መሀል ሀገር ገቡ፣ ከነሱ አንዱ ሴቶቹ ጀልባው ላይ መውጣት ሲያቅታቸው ውሃው ውስጥ ተንበርክኮ ጀርባውን ደረጃ አደረገላቸው፣ እየረገጡት ወጡ፣ ቪዲዮው ዓለምን ዞሯል። እኔ ያንን ሳይ ባሊን ነው ያየሁት፣ ጎንበስ ብሎ። እዚህ መጋዘን ያሉ ኬረላዎችም ያን ዓመት አበባ አልደረደሩም፣ ያዋጡትን ላኩ።

ዛሬ አበባው ራሱ በጭነት መኪና ከጎረቤቶቹ ግዛቶች ከታሚል ናዱና ከካርናታካ ይመጣል፣ በኪሎ ይገዛል፣ ቱምባዋን የሚለቅም ልጅ እየጠፋ ነው ትላለች አማ። እሱስ ይሁን፣ ከተማ የሚኖር ሰው ከየት ይልቀም። አባባሏን ግን የቲቪ መሸጫ ማድረግ ልክ አይደለም፣ የኛ ሰው ደግሞ ከዚያ ላይ አንስቶ ለዕዳው ማመካኛ ሲያደርጋት የበለጠ ያሳዝነኛል። ያን ልደት ደጋሹን የሥራ ጓደኛዬን ስንት ሰው ጠራህ አልኩት፣ 60 አለኝ። ሥራ ካጡ ሦስት ወር የሆናቸው ሁለት የሀገራችን ልጆች ከኛ ፎቅ ሁለት በር አልፎ ይኖራሉ፣ እነሱንስ ጠራሃቸው አልኩት፣ አልጠራቸውም። ለድግሱ የተበደርከውን ብድር በለው፣ የልጅህ ደስታ ነውና ማንም አይነካህም፣ ያቺን አባባል ግን ለአማ ተዋት፣ 23 ቅጠል ቆርጣባታለች።