በስፖርት ውስጥ ስላለው ማጭበርበር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንድ ታዋቂ ስፖርተኛ በአበረታች ንጥረ ነገር በተያዘ ቁጥር ገሚሱ «ድሮ እንዲህ አልነበረም» ይላል፤ ገሚሱ «ሁሉም ይወስዳሉ፣ የእሱ ዕድል ነው» ይላል። ከዚያ ሌላ ሰው እስኪያዝ ድረስ ነገሩ ይረሳል። አንዱ ጥፋቱን ከዘመኑ፣ ሌላው ከዕድል ያላክካል እንጂ ብዙ ጊዜ የሚበቅለው ራሳችን ከምናጨበጭብለት ነገር መሆኑን የሚያነሣ የለም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ድሮ ስፖርት ንጹሕ ነበር»

በግሪክ አገር በጥንታዊቷ ኦሊምፒያ፣ ወደ ስታዲየሙ በሚያስገባው መንገድ ዳር የተደረደሩ የድንጋይ መቆሚያዎች ዛሬም ይታያሉ። በላያቸው የግሪኮች ዋና አምላክ የነበረው የዜውስ የነሐስ ሐውልቶች ነበሩ፤ የተሠሩትም ከአጭበርባሪዎች በተሰበሰበ የቅጣት ገንዘብ ነው። የመጀመሪያዎቹ ስድስቱ የቆሙት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ388 ኤውፖሎስ የተባለ ቦክሰኛ ሦስት ተጋጣሚዎቹን በጉቦ ገዝቶ ስለ ተገኘ ነው። ወደ ሜዳ የሚገባ ተወዳዳሪ ሳያያቸው አያልፍም። ይሁንና በኋለኞቹ ዘመናት ሐውልቶቹ እየተጨመሩ ሄዱ፤ ማስጠንቀቂያው ምን ያህል እንደ ሠራ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ዘመናዊው ኦሊምፒክም ቢሆን አጀማመሩ አላማረም። በ1904 በሴንት ሉዊስ ማራቶን ቀድሞ የገባው ፍሬድ ሎርዝ የመንገዱን ከፊል በመኪና ተሳፍሮ መጥቶ ነበርና ተሰረዘ። ወርቁ የተሰጠው ለቶማስ ሂክስ ነው፤ እሱ ደግሞ ረዳቶቹ በመንገድ ላይ ስትሪክኒን የተባለውን መርዝ ከእንቁላል ነጭና ከብራንዲ ጋር እያጠጡት፣ በመጨረሻም በሰው ተደግፎ ነው የጨረሰው። የሚከለክል ደንብ ስላልነበረ ማንም አልጠየቀውም። በድሮው ዘመን የጠፋው መርማሪ እንጂ አጭበርባሪ አልነበረም። በኦሊምፒክ የአበረታች ንጥረ ነገር ምርመራ የተጀመረው በ1968 ነው።

«ምርመራ ያለፈ ንጹሕ ነው»

ብስክሌተኛው ላንስ አርምስትሮንግ ለዓመታት ራሱን የተከላከለው ስንት ጊዜ ተመርምሮ እንዳለፈ በመቁጠር ነበር። በ2012 ሰባቱ የቱር ደ ፍራንስ ድሎቹ ሲሰረዙበት ከሁሉ በላይ የጣለው የቡድን ጓደኞቹ ምስክርነት ነው። ሯጯ ማሪየን ጆንስም በሲድኒ 2000 ኦሊምፒክ ያገኘቻቸውን አምስት ሜዳሊያዎች ያጣችው በ2007 ራሷ ካመነች በኋላ ነው።

ምርመራ የሚያገኘው እንዲፈልግ የታዘዘውን ነገር ብቻ ነው፤ ያውም በሰውነት ውስጥ እስካለ ድረስ። በ2003 አንድ የአትሌቲክስ አሠልጣኝ የመድኃኒት ቅሪት ያለበትን መርፌ ለአሜሪካ ፀረ ዶፒንግ (ፀረ አበረታች ንጥረ ነገር) ተቋም ባይልክ ኖሮ፣ ቲኤችጂ የተባለው ስቴሮይድ (ጡንቻ የሚያጎለብት ንጥረ ነገር) መኖሩን የሚያውቅ ቤተ ሙከራ አልነበረም። አሠልጣኙ ራሱ በኋላ በዚያው ጉዳይ ተከስሶ ጥፋተኛ መባሉን ልብ ይሏል። ቤተ ሙከራው ራሱ የአጭበርባሪው ወገን ከሆነማ ምርመራው ከናካቴው ዋጋ የለውም። በሶቺ 2014 የሩሲያ ስፖርተኞች የሽንት ናሙና በሌሊት በግድግዳ ቀዳዳ እየተላለፈ በሌላ ይቀየር ነበር።

«የሚያጭበረብረው ሰነፍ ነው፤ አለዚያም ክፉ ሰው ነው»

ከሁሉም የከበደኝ ይህ ነው፤ እኔም ረጅም ጊዜ አምኜበት ነበርና። ስቴሮይድ ስፖርተኛውን ከልፋት አያድነውም። ጡንቻው ቶሎ እንዲያገግም ስለሚረዳው እንዲያውም ነገም ተመልሶ ይበልጥ እንዲለፋ ያስችለዋል። ሁለት አሜሪካውያን የስፖርት ሶሲዮሎጂ ምሁራን፣ ሮበርት ሂዩዝና ጄይ ኮክሊ፣ በ1991 የጻፉት ሐሳብ እዚህ ላይ ዓይን ይገልጣል። ስፖርት ለጨዋታው ሁሉን ሠዋ፣ ከሌላው ብለጥ፣ ሕመምን ቻል፣ ገደብን አትቀበል እያለ ያስተምራል። እንደ እነሱ አባባል ብዙው ማፈንገጥ የሚመጣው እነዚህን ትእዛዞች ከናቀ ሰው ሳይሆን ያለ ልክ ካመነባቸው ሰው ነው።

በተሰበረ አጥንት፣ በማደንዘዣ መርፌ ታግዞ ግጥሚያውን የጨረሰውን ተጫዋች «ጀግና» እንለዋለን። ለማገገም ክኒን የዋጠውን እንረግማለን። እርግጥ አንዱ ደንብ ጥሷል፣ ሌላው አልጣሰም። በተጫዋቹ ልብ ውስጥ ግን ሁለቱን ያስደረገው ምክንያት አንድ ነው።

«ክፉ ሰው» የሚለውም ቢሆን ከስፖርተኛው ጀርባ ያለውን ሰው ይሰውራል። በቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን ከ1974 ጀምሮ በመንግሥት ዕቅድ በሺህ ለሚቆጠሩ ስፖርተኞች ሆርሞን ተሰጥቷል፤ ብዙዎቹ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጃገረዶች ሲሆኑ ክኒኑ ቪታሚን ነው ይባሉ ነበር። በዚያ ቤት ከደንብ ወጣች የምትባለው «አልውጥም» ያለችዋ ናት።

«ሳያውቅ የወሰደ አይቀጣም»

ይቀጣል። ሮማንያዊቷ ጂምናስት አንድሬያ ራዱካን በሲድኒ ወርቅ ስታሸንፍ 16 ዓመቷ ነበር። የቡድኑ ሐኪም ለጉንፋን የሰጣት ክኒን ውስጥ የተከለከለ ንጥረ ነገር ስለ ነበረ ሜዳሊያዋን ተነጠቀች። ሐኪሙም ታግዷል። ንጥረ ነገሩ በ2004 ከክልከላው ዝርዝር ወጥቶ በ2010 ተመልሶ ገባ፤ ወርቁ ግን አልተመለሰላትም። ደንቡ በሰውነትህ ውስጥ ለተገኘው ሁሉ ተጠያቂው አንተ ነህ ይላል። ጨካኝ ደንብ ነው። ነገር ግን «አላወቅሁም» ማምለጫ ቢሆን ኖሮ የሚያውቅ ስፖርተኛ ከየት ይገኝ ነበር?

«ማጭበርበር ማለት ዶፒንግ ነው»

በ1976 በሞንትሪያል የሶቪየቱ የዘመናዊ ፔንታትሎን (ሻሞላን ጨምሮ የአምስት ስፖርቶች ውድድር) ተወዳዳሪ ቦሪስ ኦኒሽቼንኮ ባላንጣውን ሳይነካ ነጥብ የሚያስመዘግብ መሣሪያ በሻሞላው እጀታ ውስጥ ደብቆ ተገኘ። በሲድኒ 2000 ፓራሊምፒክ በአእምሮ ውስንነት ምድብ ወርቅ ካገኙት 12 የስፔን የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች 10ሩ ውስንነት የሌላቸው ነበሩ። በለንደን 2012 ደግሞ አራት የባድሜንተን ጥንዶች በቀጣዩ ዙር የሚቀልላቸው ተጋጣሚ እንዲደርሳቸው ሆን ብለው ለመሸነፍ ሲጣጣሩ ተባረሩ። ሽንፈትን ትርፍ ያደረገውን ድልድል ያወጡት ሰዎች ግን አልተባረሩም።

«ሁሉም ቢፈቀድላቸው እኩል ይሆናሉ»

አይሆኑም፤ ሰውነት ከሰውነት ይለያያል። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ፌዴሬሽን በ1997 በተወዳዳሪው ደም ውስጥ ያለው የቀይ የደም ሴል መጠን ከ50 በመቶ እንዳያልፍ ገደብ አበጀ። እንግዲህ በተፈጥሮው 40 የሆነው ሰው በመድኃኒት ዐሥር ነጥብ የሚጨምርበት ቦታ ሲኖረው፣ 48 የሆነው ሁለት ብቻ ነው የሚቀረው። አሸናፊውን የሚወስነው ለመድኃኒቱ ማን ይበልጥ ይመቻል የሚለው ሆነ ማለት ነው። አልወስድም የሚለውስ ምን ሊያደርግ ነው?

«የተጎዳ ሰው የለም»

የአቴንስ 2004 የአሎሎ ውርወራ የተካሄደው እነዚያ የድንጋይ መቆሚያዎች ባሉበት በኦሊምፒያ ነበር። አሜሪካዊው አዳም ኔልሰን በመጀመሪያ ሙከራው 21.16 ሜትር ወርውሮ መራ፤ የቀሩት አምስቱ ተሻሩበት። ዩክሬናዊው ዩሪ ቢሎኖግ በመጨረሻው ሙከራ ያንኑ 21.16 ሜትር ወረወረና በሁለተኛው የተሻለ ውጤቱ ወርቁን ወሰደ። ተቀምጦ የቆየው ናሙና ዳግም ሲመረመር በስምንተኛው ዓመት፣ በታኅሣሥ 2012፣ ቢሎኖግ ተሰረዘ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ። በ2013 ኔልሰን ወርቁን የተረከበው በአትላንታ አውሮፕላን ማረፊያ፣ መንገደኞች ምግብ በሚበሉበት አዳራሽ ውስጥ ነበር።