በጌም ሽፋን ላይ ያለችው «ኤም» ምንድን ናት?

ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ ባለፈው ቅዳሜ በቪዲዮ ደወለችልኝ። ሱቅ ውስጥ ናት። የ11 ዓመት ልጇ ሂሳብ ደፍኖ ስለመጣ የፈለገውን ጌም ልትገዛለት ቃል ገብታለታለች። እሱ ከኋላዋ ቆሞ ይቁነጠነጣል። ሽፋኑን ወደ ካሜራው አስጠጋችልኝ፤ «ጂቲኤ 5» ነው። ጥጉ ላይ ትንሽ ጥቁርና ነጭ ሳጥን አለች። ውስጧ አንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል፣ «ኤም»።

«ይቺ ምንድን ናት? እንደ ልብስ ሚዲየም ማለት ነው?» አለችኝ።

አይደለም። «ማቹር» የሚለው ቃል መነሻ ፊደል ናት፤ ለበሰለ ሰው ማለት ነው። ጌሙ ዕድሜያቸው 17 ላልሞላ ልጆች አይሆንም የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። «እስኪ ገልብጪውና ጀርባውን አንብቢልኝ» አልኳት። ደም። ከባድ ጥቃት። እርቃን። ጸያፍ ንግግር። ወሲብ። የአደንዛዥ ዕፅና የአልኮል አጠቃቀም። እያነበበች ስትሄድ ድምጿ እየቀነሰ መጣ።

ፊደሏን የሚሰጠው ኢኤስአርቢ የሚባል ተቋም ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይመስላል፤ ግን አይደለም። የአሜሪካ ጌም ኩባንያዎች ራሳቸው በ1994 ያቋቋሙት ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ያቋቋሙት ደግሞ ሕግ ሊመጣባቸው መሆኑን ስላዩ ነው።

ነገሩ የጀመረው «ሞርታል ኮምባት» በሚባል የድብድብ ጌም ነው። አሸናፊው የተሸናፊውን ልብ ከደረቱ መንጭቆ ያወጣል፤ ወይም ጭንቅላቱን ከነአከርካሪው ይነቅላል። በ1993 ጌሙ ቤት ውስጥ እንዲጫወቱት ሲወጣ የጌም መጫወቻ አምራቹ ኒንቴንዶ ደሙን ወደ ላብ ቀየረው። ተፎካካሪው ሴጋ ግን ኮድ ለሚያስገባ ሰው ደሙን እንዳለ ተወው። ብዙ የተሸጠው የሴጋው ነበር። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ሴናተር ጆ ሊበርማንና ሴናተር ኸርብ ኮል ኩባንያዎቹን ሴኔት ፊት አቀረቧቸው። መልእክታቸው ግልጽ ነበር፤ ራሳችሁ ሥርዓት ካላበጃችሁ እኛ እናበጅላችኋለን። ኢኤስአርቢ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል። ኩባንያው መጠይቅ ይሞላል፤ የጌሙን ከባድ ከባድ ትዕይንቶች በቪዲዮ ቀርጾ ይልካል። ገምጋሚዎቹ ያንን አይተው ደረጃ ይሰጣሉ። ጌሙን ከዳር እስከ ዳር ተጫውተው አይደለም። ስለዚህ ነገሩ ኩባንያው በሚያሳየው ላይ ይንጠለጠላል። በ2005 «ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ» ውስጥ ተደብቆ የቀረ የወሲብ ትዕይንት ተገኘና ደረጃው ከ«ኤም» ወደ «ኤኦ» ከፍ አለ፤ ለአዋቂ ብቻ፣ ማለትም 18 ዓመት ለሞላው። ልዩነቱ የአንድ ዓመት ይመስላል። ገበያው ላይ ግን ሰማይና ምድር ነው። «ኤኦ» የተባለውን ትልልቆቹ ሱቆች አይሸጡትም፤ ሶኒ፣ ማይክሮሶፍትና ኒንቴንዶም በመጫወቻቸው ላይ አይፈቅዱትም። ኩባንያዎች ጨካኝ ጌም ሲሠሩ እስከ «ኤም» ድረስ ብቻ የሚለጥጡት ለዚህ ነው።

ታዲያ «ኤም» ያለበትን ለልጅ መሸጥ ወንጀል ነው? በአሜሪካ አይደለም። ካሊፎርኒያ ሞክራ ነበር። በ2005 ከባድ ጥቃት ያለበትን ጌም ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሸጠ እስከ 1,000 ዶላር ይቀጣል የሚል ሕግ አወጣች። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ሰኔ 2011 ላይ ዳኞቹ ሰባት ለሁለት በሆነ ድምፅ ሕጉን ሻሩት። የብዙኃኑን ውሳኔ የጻፉት ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ ጌም እንደ መጽሐፍ ሁሉ ሐሳብ የሚገለጽበት ነው አሉ። የልጆች ተረትም ቢሆን ደም አያጣውም፤ ሁለት ሕፃናት ጠንቋይዋን ምድጃ ውስጥ ከትተው የሚገድሉበት ተረት አለ ብለው ጠቀሱ። እውነታቸውን ነው። እኛስ ጅብ እየበላን፣ ጭራቅ እያባረረን አይደል ያደግነው?

እኔን ግን እንቅልፍ የሚነሳኝ የዳኛ ስቲቨን ብሬየር የልዩነት ሐሳብ ነው። የራቁት ሴት ፎቶ ያለበትን መጽሔት ለ13 ዓመት ልጅ እንዳይሸጥ እንከለክላለን፤ ያው ልጅ በጌም ውስጥ ሴት አስሮ፣ አፏን ለጉሞ፣ አሰቃይቶ የሚገድልበትን ግን እንፈቅዳለን። ይህ ምን ስሜት ይሰጣል? ብለው ጠየቁ። እስካሁን አጥጋቢ መልስ አላገኘሁለትም።

ተረት ላይ ትሰማለህ፣ ፊልም ላይ ታያለህ። ጌም ላይ አድራጊው አንተ ነህ። እህቴ በያዘችው ጌም ውስጥ አንድ ሰው ወንበር ላይ ታስሮ የሚሰቃይበት ቦታ አለ። መሣሪያውን የሚመርጠው ተጫዋቹ ነው። ፒንሳውን ካነሳ የሰውየውን ጥርስ በጆይስቲኩ እየወዘወዘ ይነቅላል። ከዚያ በኋላ አንዱ ገጸ ባሕርይ ማሰቃየት ከንቱ ነው ብሎ ይናገራል። ለአዋቂ ይህ ቁም ነገር ሊሆን ይችላል። የ11 ዓመት ልጅ እጅ ላይ የሚቀረው ግን ፒንሳው ነው።

ይህን ስል ጌም የተጫወተ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ይወጣዋል እያልኩ አይደለም። የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር በ2020 እንዳለው፣ ጥናቶቹ እንደ መጮህና መገፋፋት ካሉ ትንንሽ ቁጣዎች ጋር ያገናኙታል፤ ከእውነተኛ ከባድ ወንጀል ጋር ለማያያዝ ግን በቂ ማስረጃ የለም። ልጅን ከዚህ ለማራቅ ገዳይ ይሆናል የሚል ፍርሃት የግድ አያስፈልግም።

ፊደሏ የምትሠራው የሚያነብላት ሰው ሲኖር ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ልጆችን ወደ ሱቅ እየላከ ይሞክር ነበር። በ2000 ከመቶው 85ቱ «ኤም» ጌም ያለ ችግር ገዝተዋል። በ2013 ይፋ ባደረገው ውጤት 13 ብቻ ሆኑ። ሕግ አልወጣም፤ ሻጮቹ መጠየቅ ጀመሩ እንጂ። እኛ ሰፈር ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ግን ሽፋኑ ራሱ የለም። ጌሙ ሃርድ ዲስክ ላይ ተገልብጦ ይመጣል፤ ልጁ ሂሳቡን ከፍሎ ጆይስቲኩን ይይዛል፣ በቃ። ስልክ ላይ ይሻላል፤ ፕሌይ ስቶር ውስጥ ከጌሙ ስም ሥር የዕድሜ ቁጥር ይታያል። ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ከተወሰነ ዕድሜ በላይ ያለውን መዝጋትም ይቻላል።

እህቴ ጂቲኤን መደርደሪያው ላይ መለሰችና የኳስ ጌም ገዛችለት። ልጁ ቤት እስኪደርሱ አላናገራትም። ማታ ደግማ ደወለች። «ታውቃለህ? ለካ ጓደኛው ቤት ከተጫወተው ሰንብቷል» አለችኝ። ዝም አልኩ። «እናትየውን አሁን ደውዬላት ነበር» አለች፣ «ሽፋኑን ገልብጠሽ ጀርባውን አንብቢው አልኳት። እያነበበች ነው።»