በንግግር ማረጋጋት ምንድን ነው?

ደሴ ላይ አእምሮው የታወከ ሰው ስንት ጊዜ ነው እጁ በገመድ ታስሮ፣ በባጃጅ፣ ግራና ቀኝ ዘመድ ይዞት ሆስፒታል የሚደርሰው? በር ላይ የምትቀበለው የሳይካትሪ ነርስ ታዲያ ከመርፌው በፊት ሌላ ነገር ማሰብ አለባት፦ ገመዱን አሁን ልፍታው ወይስ ትንሽ ልቆይ?

በንግግር ማረጋጋት እዚህ ላይ ይመጣል። ባለሙያዎቹ ዲኤስካሌሽን ይሉታል። የተቆጣ ወይም የተጨነቀ ታካሚን ጉልበትም መርፌም ሳይቀድም አናግሮ ማብረድ ማለት ነው። ሲያዩት ቀላል ነው፣ ግን ሙያ ይጠይቃል። የሚያናግረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ዘመዱም ጥበቃውም ነርሷም ባንዴ ከጮሁበት፣ ድሮም ጆሮው ላይ ድምፅ የሚመጣበት ሰው ምን ይሁን? ሁለት ክንድ ያህል መራቅ። እሱ እንደተከበበ እንዳይሰማው፣ ነርሷም መውጫ እንዳታጣ በሩን አለመዝጋት። ከዚያ አጭር አጭር ወሬ፦ «አብሽር፣ ማንም አይነካህም። ውሃ ላምጣልህ? በልተሃል?» ትልቅ ሰው ከሆኑ ደግሞ «አንቱ» ማለት ግድ ነው፣ በ«አንተ» ተጀምሮ የተበላሸ ነገር በኋላ አይቃናም። «ተረጋጋ!» ተብሎ ተጮኾበት የተረጋጋ ሰውም አላየሁም።

ቁጣው ደግሞ ሁልጊዜ የአእምሮ ሕመም አይደለም። ስኳር ሲወርድ፣ ወባ ጭንቅላት ላይ ሲወጣ፣ ማጅራት ገትር ሲይዝ፣ መጠጥ ባንዴ ሲቆም ሰው ይለወጣል። መድኃኒቱ ራሱም አለ። ሃሎፔሪዶል የሚባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የወሰደ ሰው አንዳንዴ መቀመጥ ያቅተዋል፣ ይነሳል፣ ይራመዳል፣ እግሩ አላስቆም ይለዋል። ይሄን «ባሰበት» ብሎ ያንኑ መርፌ መድገም በእሳት ላይ ቤንዚን ነው።

እና ማሰር ፈጽሞ የለም ማለት ነው? አይደለም። በተለያዩ አገሮች ነርሶች ሲጠየቁ ብዙዎቹ ማሰርን ይጠሉታል፣ አስረው ቤታቸው ሲገቡም ጸጸቱ አይለቃቸውም፣ ግን ሌላ ታካሚ ሊመታ ሲል ምን ላድርግ ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ሌሊት ብዙ ታካሚ ይዛ ብቻዋን የምታድር ነርስ ላይ ስነ ምግባር መስበክ ቀላል ነው፤ ሰው መጨመር ግን የአስተዳደሩ ሥራ ነው።

ካልቀረም ወግ አለው። ለቅጣት ወይም ለሠራተኛ እጥረት ተብሎ አይታሰርም። በደረቱ አይደፋም። አጠገቡ ሰው ይቀመጣል፤ ጣቱ እንዳይቀዘቅዝ፣ ውሃና ሽንት ቤት እንዳይከለከል ያያል። ይመዘገባል፣ ሲረጋጋ ወዲያው ይፈታል። በኋላ ደግሞ ተቀምጦ ለምን እንደታሰረ ማስረዳት አለ፣ ብዙ ቦታ የሚዘለለው ይሄ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም የአእምሮ ሕመም ያለበትን ሰው ክብር ይጠብቃል።

አስታማሚ ከሆናችሁ፣ ስትደርሱ መጀመሪያ ለነርሷ የምትነግሯት፦ መቼ በላ፣ የትኛውን ኪኒን አቋረጠ፣ ትኩሳት ነበረው ወይ፣ የማን ድምፅ ያበርደዋል፣ የማንስ ያስቆጣዋል። የሚያስቆጣው እናንተ ከሆናችሁ ውጭ ጠብቁ።