«የደን ነብር ቢበላም ባይበላም፣ የልብ ነብር ይበላል»

በኔፓሊ ቋንቋ «በንኮ ባግሌ ካኦስ ነካኦስ፣ መንኮ ባግሌ ካንቸ» ይባላል። «በን» ደን፣ «መን» ደግሞ ልብ ነው። የሚለያቸው አንድ ፊደል ብቻ ነው፤ የአባባሉ ጉልበትም እዚያ ላይ ነው። ነብሩ በአንድ ፊደል ለውጥ ከጫካ ወጥቶ ሰው ውስጥ ይገባል። «መን»ን «አእምሮ» ብሎ መተርጎም ያሳሳዋል። ሐሳብንም ስሜትንም የያዘ ቃል ስለሆነ የእኛ «ልብ» በትክክል ይገጥመዋል። «ባግ» ባለ መስመሩ ትልቁ ነብር ነው፤ እኛ የምናውቀው ባለ ነጠብጣቡ «ቺቱዋ» ይባላል።

የሚባለው ነገሩ ሳይደርስ በሐሳብ ለሚያልቅ ሰው ነው፦ የፈተና ውጤት እየጠበቀ እንቅልፍ ላጣ፣ ሐኪም ምን ይለኝ ይሆን ብሎ ሳይመረመር ለሚከሳ። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ከምንለው ይለያል፤ በእኛው እባቡ አንድ ጊዜ ታይቷል፣ እዚህ ግን ነብሩን ማንም አላየውም። ብዙዎች «ነብር የለም፣ አትፍራ» ማለት ይመስላቸዋል። አይደለም። «ካኦስ ነካኦስ» «ይብላም አይብላም» ነው፤ የደኑን ነብር አይክድም።

ይህችው «በን» ኔፓሊ በሚነገርባት የሕንድ ግዛት በሲኪም፣ በአንድ ፏፏቴ ስም ላይ አለች። በን ጃክሪ ፏፏቴ ከግዛቲቱ ዋና ከተማ ከጋንግቶክ በራንካ መንገድ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ጃክሪ መንፈስ እየጠራ የሚያክም የመንደር አዋቂ ነው፤ በን ጃክሪ ደግሞ በደን የሚኖረው፣ ጸጉራሙና አጭሩ መንፈስ። በእምነቱ መሠረት ልቡ ንጹሕ የሆነ ልጅ መርጦ ወደ ዋሻው ይወስዳል፣ ጥበቡን ያስተምራል፣ ወደ ቤቱም ይመልሳል። የምታስፈራው ሴቲቱ በን ጃክሪኒ ናት፤ ልጁን ልትበላው ትሻለች። አባባሉ ከዚህ ተረት የተወለደ አይደለም፣ ደኑ ግን በሁለቱም የሚበላ ነገር አለበት።

ፏፏቴው ባለበት ፓርክ ውስጥ የጃክሪዎቹን ሐውልቶች ሲያዩ እጃቸውን ልብ ይበሉ። ከበሮው «ድያንግሮ» ይባላል፤ ሁለቱም ፊቱ ቆዳ ለብሷል፣ የተቀረጸ የእንጨት እጀታ አለው፣ የሚመታውም በቆልማማ ዱላ ነው። የውጭ አገር ዜጋ ወደ ሲኪም ለመግባት ልዩ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ በግዛቲቱ መግቢያ በራንግፖ ኬላ ላይ ይሰጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም ፏፏቴው ይሞላል፣ ያን ጊዜ ግን መንገዱን ናዳ ሊዘጋው ይችላል፣ ደረጃውም አልጌ ይይዛል። ሶሉ ያለቀ ጫማ እዚያ ያንሸራትታል፤ ጥርሱ ያላለቀ ጫማ ያድርጉ፣ ልጅ ከያዙም ከውሃው ዳር እጁን አይልቀቁ።