የቤዱዊን ቡና ስስት አይደለም፦ በበረሃ ጉዞ ስለ ምግብና መጠጥ የምሰማቸው ስህተቶች

አማርኛ ተናጋሪ ተጓዦችን ይዤ ወደ ሲናና ወደ ዮርዳኖሱ ዋዲ ረም መሄድ ከጀመርኩ ቆየሁ። በየጉዞው፣ ቤዱዊኖቹ፣ በዘላንነት የሚታወቁት የበረሃ አረቦች፣ ገና የመጀመሪያውን ቡና ሲቀዱ፣ አንድ ሰው ጠጋ ብሎ «ምነው ስኒዋን እንኳ አይሞሏትም? ስስታሞች ናቸው እንዴ?» ይለኛል። እውነት ሰልችቶኛል። ያለውን ሁሉ ለእንግዳ የሚያወጣ ሰው በስስት ሲታማ ያመኛል።

ቤዱዊን ፍንጃሉን (የእኛም «ፍንጃል» ከዚያው ከአረብኛው ነው) ሆን ብሎ ነው ሲሶ ያህል የሚቀዳው። እኛ ቤት ጢም ያላለ ስኒ ያስቀይማል። እዚያ ግን የተሞላ ስኒ «ጠጣና ሂድልኝ» ማለት ነው። ትንሽ የሚቀዳው ሳይበርድ እንድትጠጡትና ቀጂውም እየተመላለሰ እንዲያስተናግዳችሁ ነው።

አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ላደገ ሰው ደግሞ ደስ የሚል ነገር አለ። እነሱም ሦስት አላቸው። የመጀመሪያው «ደይፍ» ነው፣ የእንግዳ። ሁለተኛው «ከይፍ»፣ የደስታ። ሦስተኛው «ሰይፍ» ይባላል፤ እሱን የጠጣ ሰው ክፉ ቀን ሲመጣ ከጋባዡ ጎን ይቆማል። ግን ሦስቱንም ካልጠጣችሁ ብሎ የሚቀየም የለም። በቀኝ እጅ ተቀበሉ፣ ሲበቃችሁ ፍንጃሉን ግራና ቀኝ ወዝወዝ አድርጋችሁ መልሱ። ካልወዘወዛችሁ ይቀዳላችኋል።

እባካችሁ፣ ሳትቀምሱት መሬት አታስቀምጡት። ዋዲ ረም ላይ አንዲት እህታችን ቀዝቀዝ ይበልልኝ ብላ ምንጣፉ ላይ አኖረችው። የድንኳኑ ባለቤት ማፍያውን እንደያዙ ቀጥ አሉ። ጨዋታው ሁሉ ቆመ። «ምን ቸግሯት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። በእነሱ ወግ እንግዳ ቡናውን ሳይነካ ካስቀመጠ የመጣበት ጉዳይ አለው ማለት ነው፤ ዕርቅ ሊሆን ይችላል፣ ለጋብቻ ልጅ ጥየቃም ሊሆን ይችላል፣ እሺ እስኪባል ድረስ አይጠጣም። ነገሩን ስነግራት ደንግጣ አነሳችው። ሽማግሌው ያን ጊዜ ፊታቸው ፈታ አለ።

«ቡናው አልተቆላም፣ ኮረሪማም በዝቶበታል» የምትሉም አላችሁ። ተቆልቷል፣ ግን ሳይጠቁር ነው የሚወጣው። ቅመሙም ሄል ነው።

ሌሎቹን ስህተቶች ቶሎ ላርማቸው። ግመል ሻኛው ውስጥ ያለው ውሃ ሳይሆን ስብ ነው። ዛርብ የሚባለው አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ የሚበስል ሥጋ አሸዋ አይገባበትም፤ ክዳን ባለው በርሜል ውስጥ፣ ከፍሙ በላይ በሽቦ መደርደሪያ ላይ ነው የሚቀመጠው። ትኩስ ሻይ በሙቀት አያስጠማም፣ ለውሃ ግን ምትክ አይሆንም። «ውሃ ቆጥቤ ሰውነቴን አለማምዳለሁ» የሚለው ግን አደገኛ ነው። ሰውነት ጥማትን አይለምድም፣ ይጎዳል እንጂ። መንገድ ላይ ትንሽ ሐብሐብ የመሰለ ፍሬ ብታዩም አትቅመሱት። ሐንዘል ይባላል፣ እንደ ምድር እምቧይ የመረረ ነው፣ ሆድንም ክፉኛ ያስቀምጣል።

የመጨረሻው በተለይ ወደ ሲና ተራራ ለሚሄዱ ተሳላሚዎች ነው። «ቤዱዊን ሥጋ በል ነው፣ ፆመኛ ይራባል» ይላሉ። አንዳንዱ እዚህ ድረስ ሽሮና በሶ ተሸክሞ ይመጣል፣ 2,285 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ እየጠበቀው! ሥጋ የሚታረደው ለእንግዳና ለድግስ ነው። የዘወትር ምግባቸው ዳቦ፣ ምስር፣ ሩዝ፣ ቲማቲምና ተምር ነው። ሊባ የሚሉትን ቂጣ ሲጋግሩ ቁጭ ብላችሁ እዩ። ዱቄት፣ ውሃና ጨው ብቻ ነው። ቤዱዊኑ መንገድ መሪ ፍሙን ገፋ ያደርጋል፣ ሊጡን ረመጡ ላይ ይዘረጋል፣ መልሶ ያለብሰዋል። ሲበስል በመዳፉ ጠፍ ጠፍ ሲያደርገው አመዱ ይረግፋል፣ ደረቱ ቡኒ ሆኖ ይወጣል። «አመድ በላን» አትበሉ፣ ጥርስ ላይ የሚንኳኳ ነገር የለውም።

ፆመኛ መጠንቀቅ ያለበት ከቅቤውና ከእርጎው ነው፤ ሩዙ ላይ ጣል ሊያደርጉበት ይችላሉ። «ቢዱን ሰምን» በሉ፣ ያለ ቅቤ ማለት ነው። ይህንንም ከመነሳታችሁ በፊት፣ ግመሉ ሳይጫን፣ መንደር እያላችሁ ተናገሩ። ከወጣችሁ በኋላ ዘይት የሚገዛበት ሱቅ የለም።